ሦስት ሚሊ ተኩል

አራተኛው መነጽር የተመለሰው ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ይዘውት የመጡት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከፊታቸው አውልቀው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡትና፣ «ይኼ ነገር ዓይኔን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። አንድ ገጽ ሳልጨርስ ግንባሬ ለሁለት ሊሰነጠቅ ይደርሳል» አሉ።

አጎቴ መነጽሩን አነሣና ወደ መብራቱ ዘርግቶ አየው። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ፣ መሞረጃ ማሽኑ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ውሃና የሌንስ ዱቄት ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መምህር» አለ። «የእህቴ ልጅ ናት። ምላሷ ስለት ነው፣ ማስመሪያ ላይ ግን ገና ናት። ሚሊ ማንበብ አትችልም።»

ይህን በደንበኛ ፊት! ምላሴን ዋጥኩት። ስውጠው የሚያንቀኝ ሰው ነኝ፣ ግን ዋጥኩት። መምህሩ በሐዘኔታ አዩኝና፣ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ሥራችን እንዲህ ነው። አጎቴ ከፊት ሆኖ ደንበኛ ይቀበላል፣ ፍሬም ያስመርጣል፣ በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክቶ ካርድ ላይ ይጽፋል። ካርዱ በመጋረጃው በኩል ለእኔ ይደርሳል። የእያንዳንዱ ሌንስ መሃል ነጥብ ከሰውየው ብሌን ፊት ለፊት መዋል አለበት። ካርዱ ስልሳ ካለ፣ ሁለቱን ነጥቦች በስልሳ ሚሊ አራርቄ ምልክት አደርጋለሁ፤ ከዚያ ሌንሱን በፍሬሙ ልክ ሞርጄ እገጥመዋለሁ። ሌንሱ ቀጭን ከሆነ ሁለት ሦስት ሚሊ ቢሳሳት ማንም አያውቀውም። ወፍራም ከሆነ ግን ያቺው ሦስት ሚሊ ሰው ታሳምማለች።

ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። ከሦስት ዓመት በፊት የገባሁት ፍሬም ለመወልወል ነው። አጎቴ ምሳ ሲወጣ የማሽኑን መመሪያ ከመሳቢያ እያወጣሁ፣ ጽሑፉ ባይገባኝ ሥዕሉን እያየሁ፣ የተጣሉ ሌንሶች ላይ ተለማመድኩ። አሥራ አንድ ሌንስ ፈጭቼ ዱቄት አደረግሁ፤ አሥራ ሁለተኛው ፍሬሙ ውስጥ ጠቅ ብሎ ገባ። ይህን ሳወራ መኩራራት ይመስላል፤ አዎ፣ መኩራራት ነው።

መምህሩ እንደወጡ አጎቴ መጋረጃውን ገለጠ።

«ስሚ፣ ምላጭ» አለኝ። ሲቆጣም ሲደሰትም እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «በሁለት ወር አራት መነጽር ተመልሷል። ሰው ማውራት ጀምሯል። ሰኞ ሰርተፍኬት ያለው ልጅ አስመጣለሁ፣ ማሽኑን እሱ ይይዘዋል። አንቺ ወደ ፊት ትወጫለሽ፤ ፍሬም ትወለውያለሽ፣ በዚያ አፍሽ ትሸጫለሽ።»

«ጋሼ፣ ስህተቱ የእኔ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«እና የማነው? የእኔ? ሃያ ሁለት ዓመት ዓይን ለክቻለሁ!»

«እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ሚሊ ማንበብ ልማር» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ።

በዚያው ከሰዓት አራቱንም መነጽሮች ደረደርኩ። ነጭ ወረቀት ላይ የመስቀል ምልክት አሰመርኩ። ሌንሱን ከላዩ ይዘው ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉት መስመሩ በሌንሱ ጠርዝ ላይ ይሰበራል፤ ቀጥ ብሎ ሳይሰበር ያለፈበት ቦታ መሃሉ ነው። እዚያ ላይ በቀጭን እስክሪብቶ ነጥብ አኖራለሁ። ነጥቧም ስፋት ስላላት ከመሃሏ እስከ መሃሏ ነው የሚለካው። ማስመሪያውን አስተኝቶ ማንበብ ለሰነፍ ነው፤ እኔ በጠርዙ አቆመዋለሁ፣ ሰረዞቹ ራሳቸው ነጥቡን እንዲነኩ። ከዚያ ጭንቅላቴን ከሰረዙ በላይ ቀጥ አድርጌ አነባለሁ። በጎን ያየ ሰው የጎረቤቱን ሰረዝ ያነባል።

የመምህሩ ካርድ ሃምሳ ዘጠኝ ይላል፤ መነጽራቸው ሃምሳ ዘጠኝ። ሁለተኛው ካርድ ስልሳ አንድ፤ መነጽሩ ስልሳ አንድ። ሦስተኛው ሃምሳ ስምንት፤ እሱም ሃምሳ ስምንት። አራተኛው ስልሳ ሁለት ይላል፣ መነጽሩ ስልሳ አንድ ተኩልን አልፎ ስልሳ ሁለት ሊሞላ የፀጉር ያህል ይቀረዋል። የፀጉር ያህል! እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ። ከዚያ ካርዶቹን ከየመነጽሮቻቸው ጋር ትሪ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን እንደ ሙሽራ አቅንቼ ወደ ፊት ወጣሁ።

«ጋሼ፣ እነሆ። የጻፍከውን ነው የሠራሁት። አራቱንም። ስህተቱ ካርዱ ላይ ነው።»

አጎቴ ትሪውን እንኳ አላየም። «ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊስ?» አለ። «የእሷም ሌንስ ወፍራም ነው። እሷንም የለካኋት እኔ ነኝ፣ በዚሁ እጄ፣ በዚሁ ማስመሪያ፣ በእነዚሁ ሁለት ወራት ውስጥ። ተመልሳ መጣች?»

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ መጥታ ነበር፣ ለማመስገን። በዕድሜዋ እንዲህ ዓይነት መነጽር አድርጋ እንደማታውቅ ለመንገዱ ሁሉ ተናግራለች።

«የእኔ ልኬት ጠማማ ቢሆን የእሷም ጠማማ ይሆን ነበር» አለ አጎቴ። «አንዳንድ ቀን ተጠንቅቀሽ ትሠሪያለሽ፣ ያን ቀን ያምራል። አንዳንድ ቀን አፍሽ ይቀድምሻል፣ ያን ቀን ይመለሳል። በቃ።»

ትሪዬን ይዤ ተመለስኩ። የሚያናድደው ነገሩ ልክ መምሰሉ ነው።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻገርኩ። የልብስ ሰፊዋ ክፍል የእኛን ግማሽ ያህላል፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ጨርቅ። እሷ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ ክር በመርፌ እያስገባች ነበር።

«ኧረ ምላጯ መጣች! ዛሬ ማንን ልትቆርጪ ነው?»

«አንቺን፣ እትዬ። መነጽርሽን ለአሥር ደቂቃ ስጪኝ።»

«ምን አጠፋሁ? በስንት ዘመኔ የሰው ፊት መለየት ብጀምር ቅናት ያዛችሁ?»

«አልወስደውም፣ እዚሁ ነው የምለካው።»

«መለካትስ ለእኔ ተዪው» ብላ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አሳየችኝ። ግን አውልቃ ሰጠችኝ፤ «ቶሎ በይ፣ ያለሱ አንቺም ጉም ነሽ» እያለች።

ወረቀቴን ዘረጋሁ። ነጥቦቹን አኖርኩ። የብረት ማስመሪያዬን አቁሜ አነበብኩ።

ስልሳ ሦስት ተኩል።

ካርዷን ከኪሴ አወጣሁ። ስልሳ ይላል፤ የአጎቴ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ዜሮውን እንደ እንቁላል ነው የሚጽፈው። ነጥቦቹን አጥፍቼ እንደገና አኖርኩ። ስልሳ ሦስት ተኩል። ሦስት ሚሊ ተኩል ስቻለሁ። የፀጉር ያህል ያልኩት እኔ!

«ምነው፣ ልጄ? ተሰብሮ ነው እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አልተሰበረም። እትዬ፣ ይህን የወሰድሽው መቼ ነበር?»

«ያን ሰሞን ነዋ፣ የሱቃችሁ መስታወት ተሰንጥቆ ባለ መስታወቱ የመጣ ጊዜ።»

ያኔ ትዝ አለኝ። አጎቴ መስኮቱን ሊያስለካ የብረት ማስመሪያዬን ወስዶብኝ ነበር። እኔም ከመሳቢያ ያገኘሁትን የፕላስቲክ ማስመሪያ አንሥቼ ሠራሁ። የብረቱ ማስመሪያ ዜሮ ጫፉ ላይ ነው፤ ጫፉን ከነጥቡ ጋር አጋጥሜ ማንበብ ነው። የፕላስቲኩ ግን ከዜሮው በፊት ባዶ ጠርዝ አለው። የለመደው እጄ ጫፉን ነጥቡ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኔ ወዲያ ስልሳን አንብቦ፣ እኔ ደግሞ ሳላስብ ሞረድኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ማስመሪያ የያዘ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ስህተት ነው። በኋላ ሱቅ ገብቼ ባዶውን ጠርዝ ለካሁት፤ ሦስት ሚሊ ተኩል።

ግን ጥያቄው ከዚያ ይቀጥላል። እንዲህ ስቼ ሠርቼ እንዴት ተመሰገንኩ?

«እትዬ፣ እስኪ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ። ዓይንሽን ልለካው።»

«ይኸው ደግሞ ዓይኔ ላይ መጣች!»

በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቷ፣ አንድ ክንድ ርቄ ተቀመጥኩ። ማስመሪያውን አፍንጫዋ ላይ አሳረፍኩ። ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ በግራዬ እያየሁ ዜሮውን ከቀኝ ብሌኗ ጋር አጋጠምኩ። ከዚያ ጭንቅላቴን ሳላነቃንቅ ግራዬን ጨፈንኩ፣ ቀኜን ገለጥኩ፤ «አሁን የተገለጠውን ዓይኔን እዪው» አልኳትና ግራ ብሌኗ የቆመበትን ሰረዝ አነበብኩ። ስልሳ ሦስት ተኩል።

«አንቺስ ምን ሆነሽ ነው የምትጠቃቅሺኝ?» አለች እየሳቀች። «አጎትሽ እንዲህ አላደረገም።»

ማስመሪያውን ከአፍንጫዋ አነሣሁ። «እንዴት አደረገ?»

«‹ዓይኔን እዪ› አለኝ፣ አየሁት። ጻፈ። በቃ።»

«የቱን ዓይኑን ነው የጨፈነው?»

«ምንም አልጨፈነም። እንደ ፎቶግራፍ ፍጥጥ ብሎ ነው ያየኝ።»

ማስመሪያውን መልሼ አሳረፍኩ። አሁን ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ዓይኔ ብቻ አነበብኩ፣ እሷም ያንኑ አንድ ዓይን እንድታይ አደረግሁ። ሁለቱ ዓይኖቿ ወደ አንድ ቦታ ሲያነጣጥሩ ብሌኖቿ ወደ ውስጥ ተጠጉ፤ እኔም ከአንድ ቦታ ሆኜ ሁለቱንም ጫፍ ስለማይ ከልኬቱ ላይ ጥቂት ተቀነሰ። ስልሳ።

አጎቴ ሦስት ሚሊ ተኩል አሳንሶ ለክቷታል። እኔ ሦስት ሚሊ ተኩል አስፍቼ ሠርቻለሁ። ሁለት ስህተት ተገናኝቶ መንገዱ ሁሉ የሚያወራለት መነጽር ወጣ። ልክ ልኩን የሠራኋቸው አራቱ ደግሞ ራስ ምታት ሆነው ተመለሱ።

ስመለስ መንገዱን ለመሻገር ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ፤ መኪና አልነበረም። ማስረጃ አለኝ። ግን ማስረጃው የሚቆመው እኔ መሳሳቴን በገዛ አፌ ከተናገርኩ ብቻ ነው። ዝም ካልኩ ሰኞ ባለ ሰርተፍኬቱ ማሽኔን ይይዛል። ከተናገርኩ ደግሞ አጎቴ የሚሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ እንዳይሆን ፈራሁ፤ «ይኸው፣ ሚሊ ማንበብ አትችልም አላልኩም?» ብሎ ሁለተኛውን ሳይሰማ እንዳይነሣ። ሐሙስን እንዲሁ አሳለፍኩ። ዓርብንም እስከ ከሰዓት። በሕይወቴ ያን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም፤ አጎቴ ሁለት ጊዜ «አሞሻል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ሱቁ ባዶ ሆነ። የልብስ ሰፊዋን ካርድ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ የእሷን መነጽር አበላሽቼው ነበር።»

«የማንን?»

«የልብስ ሰፊዋን። አንተ ስልሳ ጽፈህ እኔ ስልሳ ሦስት ተኩል ሠራሁት። ከማስመሪያው ጫፍ ለክቼ፣ ከዜሮው መለካት ሲገባኝ።»

አጎቴ የሚወለውለውን ፍሬም አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ሳቅ ሲመጣ አየሁት። «አንቺ? ተሳሳትኩ አልሽ? እስኪ ድገሚው፣ ጆሮዬ ይሁን አይሁን ልወቅ።»

«ተሳሳትኩ። አሁን ቀጣዩን ስማኝ። የእሷ ዓይን ስልሳ ሦስት ተኩል ነው። ትናንት ለካሁት። የተሳሳትኩበት ልክ ሆኖ ልክ የሠራኋቸው አራቱ ከተመለሱ፣ ካርዱ ነው ችግሩ። የመለሱት ሁሉ ዓይናችንን ወደ ውስጥ ጎተተው ነው ያሉት፤ ያነሰ እንጂ የበዛ የለም። አንድ ዓይን ብቻ ተጠቅሞ የለካ ሰው ነው እንዲህ የሚያገኘው፤ ሞክሬዋለሁ።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

«ሰንፈሃል፣ ጋሼ። ዓይን መጨፈን ታከተህ። ሃያ ሁለት ዓመት ስለሠራህ በአንዱ የሚበቃ መሰለህ።»

«ዝም በይ።»

«ዝም አልልም። ና፣ ቁጭ በልና እኔን ለካኝ። ቀኝህን ጨፍነህ በግራህ ዜሮውን አጋጥም። ከዚያ ግራህን ጨፍነህ በቀኝህ አንብብ። በትክክል ካነበብህልኝ ሰኞ ፍሬም እወለውላለሁ፣ በምላሴ ጭምር።»

ማስመሪያውን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። እጁ ባንኮኒው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። እኔ ደግሞ አፌ ሲከፈት በቀላሉ አይዘጋም፤ ሌላ ነገር ልጨምር አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁት። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። መግቢያ በሩን ያያል፣ ሰው እንዳይመጣበት የሚፈራ ሰው ነው።

«በግራዬ አላጋጥምም» አለ።

«ለምን?»

«አያይም።»

እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው፣ መብራት ጠፍቷል እንደሚባለው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጭስ እንደገባበት ጠርሙስ ሆነ፣ ከዚያ ጭሱ እየጠቆረ ሄደ፣ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል። ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም ለእናቴም።

ከእሱ ጋር በቀን አሥር ሰዓት እውላለሁ። ሌንስ ላይ ያለ የፀጉር ጭረት ከመጋረጃ ጀርባ የማይ ሴት ነኝ። ከግራው በኩል ስጠራው ሙሉ ገላውን አዙሮ እንደሚያየኝ አስተውያለሁ፤ ኩራት መስሎኝ ነበር።

«ሐኪም አየህ?»

«መነጽር ሻጭ የዓይን ሐኪም በር ላይ ተሰልፎ ይታይ? ደግሞ የት እደበቃለሁ፣ ዓይናቸውን የምለካላቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ ናቸው።»

ስለታም መልስ ነበረኝ። አንድ ብቻም አይደለም። «እና አራት ሰው ራሱን ሲያመው፣ እኔን ስታዋርደኝ?» አልኩት፤ ግን ድምፄ ያሰብኩትን ያህል አልወጣም።

«መጀመሪያ በእውነት አንቺ መስለሽኝ ነበር» አለ። «ሦስተኛው ሲመለስ ጠረጠርኩ። መምህሩ ሲመጡ ግን አውቄ ነው የተናገርኩሽ።» ካርዱን አነሣና ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠጋው። «አንቺ ይህን ባትነግሪኝ በምን ይታወቅብሽ ነበር? እሷ አመስግና ሄዳለች።»

«አይታወቅብኝም።»

«እሱን ነው የምልሽ» አለና ካርዱን ባንኮኒው ላይ መለሰው። ከዚያ ስልኩን አወጣ። የደወለው ለባለ ሰርተፍኬቱ ነው፤ «ሰኞ አትልፋ፣ ወንድሜ፣ ቦታው ተይዟል» አለው።

«ሰኞ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ» አልኩት ስልኩን ሲዘጋ። «አብሬህ እሄዳለሁ። የሚያውቅህ ካጋጠመን እኔን አሞኝ ነው።»

«አንቺን ምን አሞሽ?»

«ምላሴን።»

በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ኮስተር ብሎ፣ «ከማሽኑ የሚወጣውን ሌንስ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የማጣራው» አለኝ። «ጠረጴዛ ላይ ለተኛ ነገር አንድ ዓይን ይበቃል። ሦስት ሚሊ ተኩል ቀልድ አይደለም፣ እሜቴ።»

እውነቱን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መምህሩ በስልክ ተጠርተው መጡ። አጎቴ ከባንኮኒው ወጥቶ ቆሞ ተቀበላቸው።

«መምህር፣ ረቡዕ ዕለት የነገርኩዎ እውነት አልነበረም። እሷ የጻፍኩትን በትክክል ሠርታለች። አሳንሼ የለካሁት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ዓይን የምትለካው እሷ ናት።»

መምህሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ሚሊ ማንበብ አትችልም ያልካት?»

«እሷው ናት።»

«እንግዲህ» አሉ፤ ቃሉን እንደ ጥርጣሬ ጎትተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ተፈታኝ እንደሚጠብቅ ፈታኝ አፈጠጡብኝ። ማስመሪያውን አፍንጫቸው ላይ አሳረፍኩ። ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ፣ አነበብኩ። የብሌናቸው መሃል በሁለት ሰረዞች መካከል ቆሟል።

«ስንት አልሽ?»

«ስልሳ ሁለት ተኩል።»

«ያ አጎትሽ ሃምሳ ዘጠኝ ብሎኝ ነበር። ተኩል ደግሞ ከየት መጣ? እርግጠኛ ነሽ?»

ከኋላዬ አጎቴ ሳል አለ፤ ምላሼን እየጠበቀ ነው። ምላሼ ዝግጁ ነበር፣ ሦስት ዓይነት።

«አንዴ ደግሜ ልየው» አልኳቸውና ማስመሪያውን መልሼ አፍንጫቸው ላይ አሳረፍኩ።